የመቻል እግር

በአገራችን ሰው ያለ ጠያቂ በከንቱ ሲሞት «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። የውሻ ደም ቢፈስ ማንም ማንንም አይጠይቅም ማለት ነው። አባባሉ እንዲህ ከሆነ፥ ስለ አንድ ውሻ የኋላ እግር ለተማሪዎች መጽሔት ልጽፍ መነሣቴን የሰሙ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ቢሥቁብኝ አይፈረድባቸውም። አንደኛው «ሰው ሳይታከም ውሻ ይታከም ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጽፈው ሲያጣ ወደ ውሻ ይሄዳል» አለ። ለሁለተኛው መልስ የለኝም። ለመጀመሪያው ግን አለኝ፤ ይህም ጽሑፍ እርሱ ነው።

ውሻው መቻል ይባላል። ስሙን ያወጡለት አያቴ ናቸው። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ባለቤቱ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ፊት ለፊት ሊናገር ያልፈለገውን በውሻው ስም ይናገራል። እማማ ከማን ጋር ተቀያይመው «መቻል» እንዳሉት እስከ ዛሬ አልነገሩንም። መቻል ቁመቱ መካከለኛ፥ ዘሩ የሰፈር፥ ሥራው ዘበኝነት ነው። ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢያችን 6 ዓመት ኖሯል፤ ከቤት ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። አልጋ ላይ የሚተኛ፥ ሹራብ የሚለብስ ዓይነት ውሻ አለመሆኑን ከወዲሁ ማስታወቅ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ሲያልቅ ባጃጅ ገጨውና ቀኝ የኋላ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ ለፈተና ስዘጋጅ ስለ ነበር ነገሩን የሰማሁት በስልክ ነው። ታናሽ ወንድሜ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስሮ (የተጎዳ ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳልና) ወጌሻ ጠራለት። እኔ የወጌሻን ሙያ ከሚንቁት ወገን አይደለሁም፤ በሰፈራችን ስንት የወለቀ ትከሻ በወጌሻ እጅ ወደ ቦታው ተመልሷል። እኒያም ሰው አጥንቱን በእጃቸው ፈልገው አቃኑና በቀርከሃ ደግፈው አሰሩት። ማሰሪያው ግን ጠብቆ ነበር። ሰው ቢሆን ኖሮ «ጠበቀብኝ» ይላቸው ነበር፤ ውሻ ይህን አይናገርም። በሁለተኛው ቀን ጣቶቹ አብጠው ሲቀዘቅዙ ወንድሜ ደንግጦ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ ማሰሪያውን ፈትተው፥ አደንዝዘው በጀሶ አሰሩት። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ እግሩን ለመቁረጥ እንገደድ እንደ ነበር ነገሩት። ጀሶውም ከ7 ሳምንት በኋላ ተፈታ።

እኔ በሰኔ መጨረሻ ለክረምት ዕረፍት ቤት ስገባ መቻል በበር ተቀበለኝ። ዳሩ ግን የመጣው በሦስት እግሩ እየዘለለ ነው። አራተኛው ከሆዱ ሥር ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ጭኑን በእናቴ የልብስ ስፌት ሜትር ብንለካው ከግራው 4 ሴንቲ ሜትር አንሶ ተገኘ። ወደ ሐኪሙ ይዤው ሄድሁና «አጥንቱ አልገጠመም እንዴ?» አልኋቸው።

እግሩን ዳብሰው፥ አጥፈው፥ ዘርግተው ካዩ በኋላ «አጥንቱማ ገጥሟል፤ አሁን የታመመው ልማዱ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። እግር ታስሮ ሲቀመጥ ጡንቻው ይከሳል፥ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ጀሶው በተፈታ ጊዜ ውሻው የከሳውን እግር ቢያስቀምጠው ያመዋል፤ ስለዚህ ያነሣዋል። ሲያነሣው ይብሱን ይከሳል፤ ሲከሳ ይብሱን ያመዋል። ሦስት እግር ካደረሰው ደግሞ ስለ አራተኛው የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። «እንግዲህ እግር እንዳለው የምታስታውሰው አንተ ነህ» አሉኝ።

ያዘዙልኝ ነገር አራት ነው። አንደኛ፥ ጭኑን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ አሙቆ ከታች ወደ ላይ በእጅ ማሸት። ሁለተኛ፥ በጎኑ አስተኝቶ ቁርጭምጭሚቱን፥ ጉልበቱንና ዳሌውን በየተራ 10 ጊዜ ማጠፍና መዘርጋት፤ ይህንንም በቀን 3 ጊዜ፥ ውሻው ከሚሸሽበት ነጥብ ሳያልፉ። ሦስተኛ፥ በገመድ ይዞ በዝግታ ማራመድ፤ መጀመሪያ 5 ደቂቃ፥ ከዚያም ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ። እኔ ጤነኛ የሚሆነው ሲሮጥ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ውሻ ሲሮጥ በሦስት እግሩ ያመልጣል፤ ሲያዘግም ግን አራተኛውን መሬት ማስነካት ግድ ይሆንበታል። አራተኛው ውኃ ነው።

ስለ ውኃው ጥቂት ላብራራ። ሐኪሙ ባዋሱኝ መጽሐፍ ውስጥ፥ ውኃ ውስጥ የቆመ ውሻ በእግሮቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ተለክቶ አየሁ። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲደርስ ከክብደቱ ከመቶ 91 እጅ ያህሉን ይሸከማል፤ እስከ ጉልበቱ ሲሆን 85፥ እስከ ዳሌው ሲሆን ግን 38 ብቻ። ሌላውን ውኃው ይሸከምለታል። ስለዚህ በደረቅ መሬት ላይ የማይደፍረውን እግር ውኃ ውስጥ ደፍሮ ያስቀምጠዋል፤ ውኃውም እየገፋ ስለሚመልሰው ጡንቻው ይሠራል። በባለጸጎች አገር ለዚህ ተብሎ የተሠራ መኪና አለ፤ ከመስተዋት በተሠራ ሣጥን ውስጥ መሬቱ ከውሻው እግር ሥር ወደ ኋላ እየሸሸ ውኃው በተፈለገው ልክ ይሞላል። በአሜሪካ አገርም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ ሙያ ራሱን የቻለ የእንስሳት ሕክምና ዘርፍ ሆኖ ታውቋል።

እኛ መስተዋት የለንም። ጎረቤታችን ግን ቀድሞ በሬ ሲያደልብ ከብት ያጠጣበት የነበረ፥ ዛሬ የጣራ ውኃ የሚጠራቀምበት ጠባብ የሲሚንቶ ገንዳ አለው። ክረምት በመሆኑ አሸንዳው በነጻ ይሞላልናል። ውኃው ስለሚቀዘቅዝ በሳምንት 2 ጊዜ፥ ፀሐይ ብልጭ ባለ ሰዓት፥ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት የፈላ ውኃ እየጨመርን በእጃችን ለብ ማለቱን እንፈትናለን። መቻልን ተሸክሜ አስገባዋለሁ፤ ከሆዱ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ አሳልፌ እይዘዋለሁ፤ ወንድሜ በወዲያኛው ጫፍ ቁራሽ ሥጋ ይዞ ይጠራዋል። ሲወጣ በደንብ እናደርቀዋለን። የፍልሰታ ጾም ሲገባ እናቴ በቤቷ ሥጋ እንዳይቀቀል ስለ ከለከለች በደረቅ ዳቦ ተስማማን። መቻል ለዳቦ የሚራመደው ለሥጋ ከሚራመደው ያነሰ መሆኑን በዚያው አጋጣሚ ተረዳን።

ሰፈሩም ዝም አላለም። ያየ ሁሉ የየራሱን መድኃኒት አዘዘ። አንዱ ጭኑን በጋለ ብረት እንድንተኩሰው መከረን። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ለውሰን እንድናበላው ነገሩን። ሌላው ለሰው ወገብ የሚወሰደውን የሥቃይ ክኒን ግማሹን እንድንሰጠው አሳሰበ። ሁሉም በቅን ልቡና ነው። እኔም «የባህል ነውና ይጣል» ወይም «የባህል ነውና ይያዝ» ሳልል እያንዳንዱን ለሐኪሙ አቀረብሁ። መተኮስ ቁስልና ሥቃይ ከመጨመር በቀር ለከሳ ጡንቻ የሚሠራው የለም አሉ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ክኒኑ ኢቡፕሮፌን ነበር፤ ይህ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ክፉኛ የሚጎዳ ነገር ነው፤ ፓራሲታሞልም ቢሆን ድመትን ይገድላል። አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሳ ይህችን አትርሳ፦ የሰውን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለእንስሳ አትስጥ። ቅቤ መቀባቱን ግን ሐኪሙ አልከለከሉኝም፤ «ቅቤው ምንም አያደርግ፤ እጅህ ግን ያደርጋል» አሉኝ።

የባዕድም አገር ሕዝብ የየራሱ ቅቤ እንዳለው ከዚያው መጽሐፍ ተረዳሁ። የቻይናን የመርፌ ሕክምና ለእንስሳት የሚያስተምር ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ተመሥርቷል። ሥቃይ ያስታግሳል የሚሉ ሐኪሞች ጥቂት አይደሉም፤ ማስረጃው ግን ገና ያልጠነከረ ነው። ሆሚዮፓቲ የሚባለው ደግሞ መድኃኒቱን በውኃ ደጋግሞ ማቅጠን ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ከውኃው በቀር አንዳች እስከማይቀር ድረስ ይደርሳል፤ የሚያሽር ለመሆኑም አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ውሻ «ተሻለኝ» ብሎ ሊያስደስተን አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ዐይን የባለቤቱ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለ ባለቤት ደግሞ የተሻለው ሊመስለው ይወዳል። እኔም ይህ እንዳይደርስብኝ በየሳምንቱ እሑድ ጭኑን በሜትር እየለካሁ፥ ከ20 እርምጃ ስንቱን በአራት እግሩ እንደ ረገጠ እየቈጠርሁ በደብተር ጻፍሁ። የመጀመሪያው እሑድ ቍጥር 2 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

ስሙን ያወጡት አያቴ፥ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአንጎላቸው ደም ዝውውር መታወክ የተነሣ በግራ ጎናቸው ሽባ ሆነው ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ እንቅስቃሴ የነገረን አልነበረም፤ ወይም ተነግሮን አልሰማንም። እኛም እንደ መሰለን አደረግን። አልጋ አነጠፍንላቸው፥ ትራስ ደገፍንላቸው፥ በእጃችን አጎረስናቸው። ሊነሡ ሲሞክሩ «እማማ፥ ይረፉ እንጂ!» እያልን መለስናቸው። ጠዋት ተሸክመን በረንዳ ላይ እናወጣቸዋለን፤ ማታ ተሸክመን እናስገባቸዋለን። ጎረቤት ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ» ብሎ መረቀን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ነሐሴ 8 ቀን ነው፥ ከበረንዳው በታች መቻልን በጎኑ አስተኝቼ እግሩን አጥፋለሁ፥ እዘረጋለሁ፤ የመዳፉንም ጣቶች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቈዩና፦

«ምነው ልጄ፥ እኔም ውሻ ሆኜ በተፈጠርሁ!» አሉ።

እናቴ ሣቀች። ወንድሜም ሣቀ። እማማ ራሳቸው ሣቁ፤ ጨዋታ ይወዳሉና። እኔም ሣቅሁ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዐይኔ ያረፈው በግራ እጃቸው ላይ ነው። ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተጨብጠዋል። ከጥቅምት ጀምሮ እንዲሁ እንደ ተጨበጠ ነው፤ ይህንንም ሁልጊዜ አየዋለሁ። የውሻን ጣት አንድ በአንድ መክፈት የተማርሁ ሰው ያንን እጅ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼው አላውቅም።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐኪሙ የነገሩኝን በልቤ ደገምሁት፦ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይከሳል፥ መገጣጠሚያው ይደርቃል፥ ሲደርቅ ያማል፥ ሲያም ይተዋል። የውሻው ስብራት ከአጥንት፥ የእማማ ሕመም ከአንጎል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከዚያ በኋላ የተከተለው ግን አንድ ነበር። በመቻል ላይ «ልማዱ ነው የታመመው» ሲባል የገባኝ ነገር፥ በቤታችን ውስጥ 10 ወር ሙሉ በአያቴ ላይ ሲደረግ አልገባኝም። ይባስ ብሎ አድራጊዎቹ እኛው ነበርን፤ ያደረግነውም በፍቅር ነው። ውሻውን ሥራ ስናሠራው አልራራንለትም፤ ለእማማ ግን ራራንላቸው፤ ርኅራኄያችንም አልጋ ላይ አስቀራቸው።

በማግሥቱ መኪና ተከራይተን ፊዚዮቴራፒ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወሰድናቸው። የመረመረቻቸው ባለሙያ እኅት ወጣት ናት፤ አልተቈጣችንም። ከሁሉ የሚጠቅሙት የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ነበሩ፥ እነርሱም በከንቱ እንዳለፉ፥ ሆኖም ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጥቂትም ቢሆን የሚናቅ እንዳልሆነ በለሆሳስ ነገረችን። ከዚያም እጃቸውን ይዛ እንዴት እንደሚከፈት አሳየችኝ። አውራ ጣቱን አስቀድሞ፥ በዝግታ፥ እስከሚያምበት ሳይደርሱ። «ከዚህ በፊት ሠርተህ ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። «በውሻ» ብዬ መመለስ አፍሬ ዝም አልሁ። እማማ ግን አላፈሩም፤ «በመቻል ላይ ተምሮ ነው» ብለው ነገሯት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ሁለት በሽተኞች ሥራ ገቡ። ጠዋት እማማ፥ ቀጥሎ መቻል። ለእማማ ከአልጋ ጠርዝ ያለ ድጋፍ መቀመጥ፥ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፥ ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው ማዘንበል። ለመቻል ደግሞ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨቶች መሬት ላይ አጋድመን በላያቸው እንዲሻገር ማድረግ፤ እንጨቱን ላለመንካት እግሩን ከፍ አድርጎ ማንሣትና ማስቀመጥ አለበትና። እማማ አንዳንድ ቀን ያለቅሳሉ፤ አንዳንድ ቀንም እኔን ይረግሙኛል። ከቶ አልሸሽግም፤ በመካከሉ ደክሞኝ የተውሁበት ቀን ነበር። መቻል ሲሰለቸው ጋደም ይላል፤ እማማ ሲሰለቻቸው «ደግሞ ውሻው ያርፍ ይሆናል፥ እኔን አሳርፈኝ» ይላሉ።

ውጤቱን እንደ ደብተሬ ልናገር። ክረምቱ አልቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ የመቻል ጭን ልዩነት ከ4 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። በዝግታ ሲሄድ ከ20 እርምጃ 18ቱን በአራት እግሩ ይረግጣል፤ ሲሮጥ ግን ዛሬም ያነክሳል፤ ሐኪሙ እንዳሉት ዕድሜውን ሙሉ ጥቂት ማነከሱ አይቀርም። እማማ ሰው ሳይደግፋቸው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው በጎናቸው ሆኖ ከበረንዳው እስከ ግቢው በር በእግራቸው ይደርሳሉ። እጃቸው ሲከፍቱለት ይከፈታል፤ ሲኒ ግን አይዝም። በጥቅምት ጀምረን ቢሆን ኖሮ ሲኒ ይይዝ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር የሚነግረኝ የለም። ይህን ጥያቄ ይዤው እኖራለሁ።

እንግዲህ «ሰው ሳይታከም ውሻ ይታከማልን?» ላለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ጥያቄህ የሚገባበት ቦታ አለ። ባለጸጋ ለውሻው ማሻሻ የሚከፍለው ገንዘብ የስንቱን ድኻ ጉልበት ሊጠግን እንደሚችል እኔም አስባለሁ። በእኛ ቤት ግን የሆነው ሌላ ነው። የእጄ ጊዜ ለመቻል ስለ ዋለ ከእማማ አልጎደለም፤ ከዚያ በፊትም ለእማማ አልዋለም ነበር። ሰውን ችላ ያልነው ውሻ ስናክም አይደለም፤ ቀድሞውኑ ችላ ብለን፥ ችላ ማለታችንንም ፍቅር ብለን ጠርተን ነበር። ከዚህ ያወጣን አንድ አንካሳ ውሻ ነው። ያወጣነውም ወጪ ጥቂት ማገዶ፥ አንድ ጆንያና ሁለት እጅ ነው።

ከእናንተም መካከል በየአገሩ ቤት፥ በአልጋ ላይ ወይም በበረንዳ «ይረፉ» የተባለ ሰው ያለው ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። ለዕረፍት ስትሄዱ እጁን ተመልከቱ። ከዚያም ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ጀምሩ።

እኔ እሑድ እሑድ ቤት እደውላለሁ። ስልኩን ወንድሜ ለእማማ ይይዝላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከሰላምታ ቀጥሎ «መቻል ዛሬ ስንት ረገጠ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ ቀን እማማ «እኔስ? እኔ አልቈጠርም?» አሉኝ። አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው እርሳቸውን ነው። ባለፈው እሑድ 41 እርምጃ ሆነዋል።